ሳሩ ደረቀ፣ ክፍያውም ቀረ፦ የድሬና የሐረር ግሪነሪ ሰራተኞች ጥያቄ

ባለፈው እትም በግሪነሪ፣ ማለትም ሳር፣ ዛፍና አበባ ተክሎ በመንከባከብ ስራ ላይ ያላችሁ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን ብለን ነበር፣ ብዙ መጣልን። ሁሉንም እዚህ መመለስ ስለማይቻል የብዙ ሰው ችግር ይመስለኛል ያልኩትን አምስቱን መርጫለሁ። እኔ ይሄን ስራ የጀመርኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የሰው ግቢ በጎማ እያጠጣሁ ነው፣ ከዛ ካቦ (የቀን ሰራተኞች አለቃ) ሆንኩ፣ ፎርማን ሆንኩ፣ አሁን የራሴ ትንሽ ቡድን አለኝ፣ ስለዚህ አብዛኛውን የምመልሰው ካለፍኩበት ነው፣ ህግ የሚነካው ላይ ደግሞ አዋጁን ከፍቼ እያየሁ ነው የጻፍኩት።

ከሳቢያን፦ "ጋሼ ሰላም ነህ? ከሀረማያ ዩኒቨርሲቲ በእጽዋት ሳይንስ ተመርቄ ከወጣሁ ሁለት አመት አለፈኝ። ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አመለክታለሁ፣ እስካሁን አልሆነም። አሁን የመንገድ ዳር ግሪነሪ የሚሰራ ኮንትራክተር ጋር ቀን ሰራተኛ ሆኜ ጉድጓድ እቆፍራለሁ፣ ችግኝ አወርዳለሁ። እናቴ ለጎረቤት ልጄ አትክልተኛ ሆነ ብላ መናገር ከብዷታል፣ ጓደኞቼም ዲግሪህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ዶማ ያዝክ ይሉኛል። ልቀጥል ወይስ ሌላ ልሞክር? ብቀጥልስ ከዚህ ስራ የት ይደረሳል?"

ወንድሜ፣ እኔ ቀጥል ነው የምልህ።

መጀመሪያ የእናትህን ነገር እንይ። እናትህ የፈራችው ልጄ እዛው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል ብላ ይመስለኛል፣ እሱን ደግሞ በወሬ አታሳምናትም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነፋሻ ሲሆን ይዘሃት ከዚራ ውጣ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬ ከገባ በኋላ የተቆረቆረ ሰፈር ነው፣ ያ ሁሉ የምንቀመጥበት ጥላ አንድ ስሙን የማናውቀው ሰው ቆፍሮ ውሃ ተሸክሞ ያቆመው ነው። ቀይ አበባ የሚለብሰውንም ዛፍ አሳያት፣ መነሻው ማዳጋስካር ነው ግን በአማርኛ ስሙ የድሬዳዋ ዛፍ ነው፣ ሌላ ከተማ ላይ ተተክሎ እንኳን በኛ ስም ነው የሚጠራው። የዚህ ከተማ ልጅ ዛፍ አሳዳጊ ሆነ ቢባል ምኑ ነው የሚያሳፍረው አቦ።

ወደ ስራው ስንመጣ፣ ሳይት ላይ ያለውን ደረጃ ታውቀዋለህ፣ ቀን ሰራተኛ፣ ካቦ፣ ፎርማን፣ ተቆጣጣሪ፣ ከዛ የራስህ ስራ። ካቦ ለመሆን ጉልበትና ሰው መያዝ መቻል ይበቃል። ከካቦ በላይ ግን የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ችግኝ ለምን ሞተ? ይሄን መመለስ የሚችል ሰው ሳይት ላይ ሲጠፋ አይቻለሁ፣ ሁሉም ሙቀቱ ነው ብሎ ያልፋል። አንድ ጊዜ በአንድ መስመር ከተተከሉ የኒም ዛፎች ግማሽ ያህሉ ደረቁና አንዱን ነቀልኩት፣ ፕላስቲኩ እንዳለ ነው የተቀበረው። ፕላስቲኩን ስቀደው ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ዞሮ ዞሮ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ሆኗል፣ አንድም ሥር ወደ ውጪ አልወጣም። ለምን እንደዛ ሆነ ብዬ ሳጣራ ልጆቹ የሚከፈላቸው በቀን በተከሉት ቁጥር ነበር፣ ፕላስቲክ መቅደድ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ አልቀደዱም። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይመስለኝም፣ አከፋፈሉ ራሱ ችግኙን ቀብሮታል። አንተ የተማርከው እንደዚህ አይነቱን ነገር እንድታይ ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ አንድ ደብተር ያዝ። ምን ተከላችሁ፣ ስንት፣ ከየትኛው ችግኝ ጣቢያ መጣ፣ ጉድጓዱ ስንት በስንት ነበር፣ በምን ቀን፣ ከዛ በ30 ቀንና በ90 ቀን እየዞርክ ስንቱ ቆሟል ብለህ ቁጠር። ማንም ባያዝህም ቁጠር። ከስድስት ወር በኋላ ያ ደብተር ከሲቪህ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የትኛውም ቀጣሪ ጋር ገብተህ 400 ተክለን 310 ቆሟል፣ የሞቱት እዚህ እዚህ ጋ ናቸው፣ ምክንያቱ ይሄ ነው ብለህ በቁጥር ማስረዳት ትችላለህ። እንደዛ ብሎ የሚገባ አመልካች ብዙ አላየሁም።

ከዛ ሁለት ነገር ተማር። አንዱ ድሮዊንግ (የስራ ንድፍ) ማንበብ፣ ንድፍ በኮምፒውተር የሚሰራበትን ኦቶካድም ከቻልክ ጨምርበት። ሁለተኛው የውሃ መስመር። የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚያበቅል ውሃ ነው፣ ያው ነጭ ነገር የድሪፕ (የጠብታ ማጠጫ ቧንቧ) ቀዳዳ ላይም ይጋገራል። ከላይ ሲታይ ቧንቧው ደህና ነው፣ ሞተሩ ይሰራል፣ ዛፉ ግን ይደርቃል፣ ምክንያቱም ከቀዳዳው የሚወጣው ጠብታ ቆሟል። እኔ ድሪፐሮቹን ነቅዬ ሆምጣጤ ውስጥ አሳድሬ ነው የማጸዳቸው፣ ጠዋት ላይ ቅርፊቱ በጥፍር ይነሳል። ይሄን በየወሩ የሚያደርግ ሰው ያለው ግቢና የሌለው ግቢ ከመንገድ ማዶ ሆነህ ትለያቸዋለህ። ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ሆቴሎች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ሁሉም ሰፊ ግቢ አላቸው፣ ተከላው አንዴ ካለቀ በኋላ አመት እስከ አመት የሚፈልጉት እንደዚህ የሚንከባከብ ሰው ነው፣ ቋሚ ደሞዝ ያለውም እዛ ጋ ነው።

አንድ አመት ስጠው። በአመቱ ውስጥ ወይ ካቦ ወይ ጻፍ፣ ቁጠር፣ ለካ የሚልህ ሰው ካልመጣ ድርጅቱን ቀይር፣ ሙያውን ግን አትቀይር።

ከገንደ ቆሬ፦ "ወንድማችን፣ እኛ ተደራጅተን ግሪነሪ የምንሰራ አምስት ልጆች ነን። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የአንድ ግለሰብ ግቢ 300 ካሬ ሳር ተከልን። አፈሩን ሞልተን አስተካክለን ጨርሰን አስረከብን፣ ሰውዬውም በጣም ደስ ብሎት ነበር። ከሶስት ሳምንት በኋላ ሳሩ ቢጫ ሆነ ከዛ ደረቀ፣ አሁን ቀሪውን 40 ፐርሰንት አልከፍልም ብሎናል። የጽሁፍ ውል የለንም፣ በቃል ነው። ቅድሚያ የወሰድነው ለአፈርና ለሳር አልቋል፣ የቀን ሰራተኛ ከኪሳችን ከፍለናል። ምን እናድርግ?"

ይሄ ጥያቄ አንጀቴን በላው፣ ምክንያቱም የራሴን ታሪክ ነው የጻፋችሁልኝ።

የዛሬ አስር አመት ገደማ አንድ ግቢ 400 ካሬ ሳር ተከልኩ። ውሃውን ማን ያጠጣል ስል ባለቤቱ ዘበኛው አለ አሉኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ያለው 2 ሺ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። አሁን ስሌቱን አብረን እንስራው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። በግንቦት ሙቀት አዲስ ሳር በቀን 5 ሚሊሜትር ገደማ ይጠጣል ብንል 400 ካሬ በቀን 2 ሺ ሊትር ነው፣ ማለትም ሮቶው በአንድ ቀን ሙልጭ ይላል። ዘበኛው ደግሞ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ ልብስ ይታጠባል፣ ምግብ ይበሰላል፣ ለቤተሰቡ ውሃ አስቀረ፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደዛው ነበር የማደርገው። ሳሩ በ20 ቀን ሄደ። ባለቤቱ አልከፍልም አሉ፣ ሰራተኞቼን ለመክፈል ሞተር ሳይክሌን ሸጥኩ። ይሄን ስሌት ከመትከሌ በፊት ወረቀት ላይ ብሰራው አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

የናንተ 300 ካሬ በቀን 1500 ሊትር ይፈልጋል፣ ሰባት በርሜል ተኩል ነው። ሰውዬው ይሄን ያውቅ ነበር? ነግራችሁታል? አልነገራችሁትም ብዬ ነው የምገምተው፣ ስለዚህ ሙሉ ጥፋቱን እሱ ላይ አታድርጉ፣ ሙሉውን ግን ራሳችሁ ላይም አትውሰዱ።

አሁን የምታደርጉት፣ መጀመሪያ ሳሩ በእርግጥ ሞቷል ወይ? ሰርዶ ከሆነ የተከላችሁት ከላይ ገለባ መስሎ ከስር ሊኖር ይችላል። ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ቦታ ጫር ጫር አርጉና መሬት ለመሬት የሚሄደውን ግንድ አውጡ፣ በጥፍራችሁ ፋቅ ስታረጉት ውስጡ ነጭ ወይ አረንጓዴ ከሆነና እርጥበት ካለው አለ። እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አልቋል። ፓስፓለም የሚባለው ሳርም ከሆነ እንደዚሁ እዩት። እኔ ራሴ ሞቷል ተብሎ ሊነቀል የነበረ ሰርዶ በአስር ቀን ውሃ ሲመለስ አይቻለሁ።

ከዛ ሰውዬው ጋ ሂዱ፣ አምስታችሁም ግን አትሂዱ፣ ሁለት ሰው ይበቃል፣ የነቀላችሁትን ሳር ይዛችሁ ሂዱ። ክፍያ ከሚለው አትጀምሩ። ሳሩን አሳዩት፣ የውሃውን ስሌት አሳዩት፣ ከዛ እንዲህ በሉት፣ የሞተውን ቦታ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጀምር እኛ በነጻ ጉልበት እንተክላለን፣ የሳሩን መግዣ ለሁለት እንካፈል፣ አንተ ውሃ ታቀርባለህ፣ እኛ ሁለት ወር በሳምንት ሶስት ቀን እየመጣን እናያለን፣ ከቀሪው 40 ፐርሰንት ግማሹን ዛሬ ግማሹን ሳሩ ሲይዝ ትከፍላለህ። ይሄንን እዛው ወረቀት ላይ ጻፉና በሁለት ምስክር ተፈራረሙ። እምቢ ካለ የሰፈር ሽማግሌ አስገቡ። በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው፣ ፍርድ ቤትም ይቻላል፣ ግን ማስረጃ ማቅረብ ያደክማል፣ ስማችሁም ገና እየተሰራ ስለሆነ መጀመሪያ እርቁን ሞክሩ።

ለወደፊቱ ደግሞ ዋጋ ስትሰጡ በካሬ ይሄን ያህል ብር ብላችሁ ጠቅልላችሁ አትስጡ። ዝርዝሩን አውጡት። 300 ካሬ ላይ 15 ሳንቲሜትር ለም አፈር ማለት 45 ሜትር ኩብ ነው፣ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ ሶስት ጉዞ ይሆናል። ሳሩን በ20 ሳንቲሜትር ርቀት የምትሰኩት ከሆነ በካሬ 25 ስለሚገባ 7500 የሳር ቁራጭ ነው። ፍጉ፣ ማራገፊያው፣ ጉልበቱ፣ ሁሉም በየራሱ መስመር ይግባ። ከሁሉ በላይ ግን የሶስት ወር እንክብካቤ የሚል መስመር ለብቻው ከነ ዋጋው አስገቡ። ደንበኛው እሱን መስመር ቢሰርዘው እንኳን ሰርዞታል፣ ፊርማው አለበት፣ ሳሩ ቢሞት የማን ነው የሚለው ክርክር የለም። ብዙዎቹ ግን አይሰርዙትም፣ እኔ ዛሬ ቡድኔን የማኖረው በተከላ ገንዘብ ሳይሆን በዚህ መስመር ነው፣ ተከላው አንዴ ይመጣል ይሄዳል፣ እንክብካቤው ግን በየወሩ ይመጣል።

አከፋፈሉንም ከፋፍሉት፣ 40 ፐርሰንት ሲጀመር፣ 30 አፈሩ ተደልድሎ የውሃ መስመሩ ሲያልቅ፣ 20 ተከላው ሲያልቅ፣ 10 በ90 ቀን። እንደዚህ ሲሆን በአንድ ጠብ 40 ፐርሰንት አይቀርባችሁም።

ሌላው ጊዜው ነው። ድሬ ላይ ሚያዝያ መጨረሻ ሳር መትከል ማለት ወደ ግንቦትና ሰኔ ሙቀት ማስገባት ነው። ደንበኛው ሰርግ አለኝ፣ ምረቃ አለኝ ብሎ ካስቸኮለ እሺ በሉት ግን ውሃው በቦቴ ይምጣ፣ ዋጋው ይሄ ነው ብላችሁ ጻፉለት።

ከለገሃሬ፦ "ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ አትክልት አጠጣለሁ፣ እኮተኩታለሁ፣ መድሃኒትም እረጫለሁ፣ ስድስት አመት ሞላኝ። ምንም ወረቀት አልፈረምኩም፣ ደሞዜን ግን በየወሩ በእጄ ይሰጡኛል። እሁድም እገባለሁ ምክንያቱም ተክሉ እሁድ አይጠማም አይባልም ይሉኛል። እረፍት ወስጄ አላውቅም። መድሃኒት ስረጭ ጓንትም የለኝም፣ ማታ ማታ ራሴን ያመኛል። ብጠይቅ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።"

እህቴ፣ መጀመሪያ መርጨቱን አቁሚ። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር እስኪሰጡሽ ድረስ አትንኪው። በህጉ የመከላከያ ዕቃ የሚያቀርበው አሰሪው ነው፣ ካንቺ ደሞዝ ላይ ተቆርጦ አይደለም። ሲሰጡሽም ጠዋት ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ እርጪ፣ በድሬ ፀሐይ ረፋዱ ላይ ከረጨሽ መድሃኒቱ በላብሽ ይገባል። ልብሱን እዛው ለውጪ፣ የልጆችሽ ልብስ ጋር አትጠቢው። የራስ ምታቱን ለሀኪም ስትናገሪ መድሃኒት እንደምትረጪ ንገሪው፣ ከተቻለም የመድሃኒቱን እቃ ላይ ያለውን ጽሁፍ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ይዘሽ ሂጂ።

ወረቀት የለኝም ያልሽው ያን ያህል አያስፈራሽ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስራ ውል በጽሁፍ ባይሆንም ውል ነው፣ እንዲያውም የጽሁፍ ውል ከሌለ አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር ጽፎ ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባ ነበር። አለመስጠቱ ያንቺን መብት አያጠፋም። የሙከራ ጊዜ የሚባለውም 60 የስራ ቀን ነው፣ ስድስት አመት የሰራች ሴት ገና በሙከራ ነሽ ልትባል አትችልም።

የስራ ሰዓት በቀን 8 በሳምንት 48 ነው፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍት አለሽ። በእረፍት ቀንሽ ትርፍ ሰዓት ከሰራሽ የሰዓቱ ክፍያ ሁለት እጥፍ ነው። የአመት እረፍት ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ነው፣ ከዛ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፣ ባንቺ ስድስት አመት ሲሰላ አሁን 18 ቀን ደርሷል። ጡረታም አለ፣ ከደሞዝሽ 7 ፐርሰንት ይቆረጣል አሰሪው 11 ፐርሰንት ይጨምራል፣ ጡረታ በየወሩ ለመብላት ቢያንስ 10 አመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ስድስት አመት ሳትመዘገቢ መቅረትሽ ትልቅ ጉዳት ነው፣ ከሁሉ አስቀድመሽ እሱን ነው መጠየቅ ያለብሽ።

አንድ ነገር ግን አስተውዪ፣ የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ሲመቸኝ እጠይቃለሁ ብለሽ አታሳድሪው። የሰራሽበትን እሁድ ሁሉ ከነቀኑ ጻፊ፣ መጻፍ ከከበደሽ ልጅሽ ይጻፍልሽ። ከዛ ብቻሽን ከማናጀሩ ጋር ከመነጋገር ሌሎቹን፣ የጽዳት ሴቶቹን፣ ዘበኞቹን ጠይቂ፣ የነሱም ነገር እንደዚሁ ነው የሚሆነው፣ አራት አምስት ሆናችሁ በአክብሮት በጽሁፍ ጠይቁ፣ ኮፒውን ያዙ። መልስ ከሌለ የከተማው የሰራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ተቆጣጣሪዎች አሉት፣ እዛ ሂጂ። መብቷን ስለጠየቀች ማባረር በህግ በቂ ምክንያት አይደለም።

ተክሉ እሁድም ይጠማል ያሉት እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። ግን መፍትሄው ሁለተኛ ሰው ቀጥሮ ማፈራረቅ ነው፣ ወይ ሳር ጉዝጓዝ ስሩ ላይ አርጎ ቅዳሜ ማታ በደንብ ማጠጣት ነው፣ ቀኑን ይሻገራል። ይሄንን አንቺ ራስሽ ብታቀርቢላቸው ለስራው የምታስቢ ሰው መሆንሽን ያዩታል።

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ "ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ ችግኝ ማፍላት ጀምሬያለሁ። ድሬ ላይ ገበያ አለ ሲሉኝ ባለፈው አንድ ኢሱዙ ጭኜ ወረድኩ፣ ግማሹ ሳይሸጥ ተቃጠለብኝ። ምን ላፍላ?"

ሐረር ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ድሬ 1200 አካባቢ ነው። መንገዱ 50 ኪሎሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርድ ችግኝህ ሌላ አገር ነው የገባው። በሐረር ብርድ ለስልሶ ያደገ ቅጠል በአንድ ጠዋት ድሬ ፀሐይ ላይ ከተደረደረ ይቃጠላል፣ ያንተም የሆነው እሱ ነው። ድሬ ላይ የዘመድም ቢሆን ግቢ ተከራይና ሁለት ሶስት ሳምንት ጥላ ስር አቆየው፣ ጥላውን ቀስ በቀስ እየቀነስክ ፀሐይ አስለምደው፣ ከዛ ሽጥ። ሲጓጓዝም ሌሊት ወይ ንጋት ላይ ይሁን፣ በሸራ ሸፍነው፣ ነፋሱ ራሱ ያደርቀዋል።

ለድሬ ኒም፣ የድሬዳዋ ዛፍ፣ ቡገንቪሊያ፣ ሁመር አፍላ። ሁመር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው ግን ድርቅ ይችላል፣ ፍሬውም ይጠጣል፣ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ይገዛሃል። የድሬዳዋ ዛፍ ስትሸጥ ለገዢው አንድ ነገር ንገር፣ ሥሩ ከመሬት ገጽ ሳይርቅ ወደ ጎን ነው የሚሮጠው፣ ከግንብና ከከርብስቶን አራት አምስት ሜትር ካልራቀ ንጣፉን ያነሳዋል። ለሐረር ደግሞ ጃካራንዳ፣ ግራቪሊያ፣ ወይራ፣ ጽጌረዳ ይሄዳል። ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃም ግን ቶሎ ያድጋል ብለው ቢጠይቁህ እንኳን አታፍላ፣ አፋርን እንዴት እንደወረረው እናውቃለን።

ደግሞ ሳትታዘዝ አታፍላ። በጥቅምት ድሬ ውረድና ግሪነሪ የሚሰሩ ድርጅቶችን ለመጪው ክረምት ምን ያህል ትፈልጋላችሁ ብለህ ዞረህ ጠይቅ፣ ትንሽም ቢሆን ቀብድ ተቀበል፣ ከዛ ፕላስቲክ ሙላ።

ከአዲስ ከተማ፣ ድሬ፦ "54 አመቴ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁፋሮ ነው ስራዬ። አሁን ግሪነሪ ሳይት ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት 7 ሰዓት ላይ እየቆፈርኩ አዙሮኝ ወደቅኩ። ፎርማኑ አዛውንት ስለሆንክ ነው፣ ካልቻልክ አትምጣ አለኝ። እውነት ለኔ የሚሆን ስራ የለም?"

ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት። መጀመሪያ የወደቁት በእድሜዎ ብቻ አይደለም፣ በድሬ 7 ሰዓት ላይ ማንም አይቆፍርም፣ ሱቁም ተዘግቶ ሰዉም ጥላ ይዞ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። የኔ ቡድን ጠዋት 12 ሰዓት ይገባል፣ 5 ሰዓት ላይ ይወጣል፣ 10 ሰዓት ላይ ተመልሶ እስኪመሽ ይሰራል። ከስምንት ሰዓት ብዙም አይጎድልም፣ ሰዉም አይወድቅም፣ ከ10 ሰዓት በኋላ የተተከለ ችግኝም ሌሊቱን ስለሚያርፍ ይሻለዋል። ይሄን ለፎርማኑ ጓደኞችዎን ይዘው ይንገሩት፣ ችግኝ ይተርፋል ሲሉት ምናልባት ከሰው ይልቅ በዛ ይሰማ ይሆናል። እርስዎ ግን ውሃ ሳይጠማዎትም ይጠጡ፣ ላብዎ ቆሞ ሰውነትዎ ከጋለና ነገር ከተምታታብዎት እሱ ድካም አይደለም፣ ወዲያው ጥላ፣ ውሃ ሰውነትዎ ላይ፣ ከዛ ሆስፒታል ነው። አሁንም ቢሆን ደም ግፊትና ስኳርዎን ይታዩ።

ስራውን በተመለከተ፣ አርባ አመት መሬት የቆፈረ ሰው የሚያውቀውን እነዛ ልጆች አያውቁትም። የትኛው አፈር ውሃ እንደሚይዝ፣ የት ጋ ድንጋይ እንዳለ፣ ጎርፉ በየት እንደሚመጣ። በሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ የወሰደብንን ያዩ ሰው ነዎት፣ ውሃ መንገዱን እንደማይረሳ ያውቃሉ፣ እኔ ግቢ ከመደልደሌ በፊት እንደርስዎ ያለ ሰው ይዤ ነው የምዞረው። ስለዚህ ከቁፋሮ ወደ ችግኝ ጣቢያ፣ ወደ መግረዝ፣ ወደ ማጠጣት ይዙሩ። ችግኝ ጣቢያ ስራው ጥላ ስር ነው፣ አብዛኛው ተቀምጦ ይሰራል። መግረዝ ደግሞ እጅ እንጂ ወገብ አይጠይቅም፣ መሰላል ላይ ግን አይውጡ፣ አጥርና ቁጥቋጦ ብቻ ይያዙ። ትምህርት ቤት ባይገቡም በልምድ ላወቁት ሙያ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) መፈተን ይቻላል፣ ወረቀቷ ቋሚ ቦታ ሲጠይቁ ትረዳዎታለች።

እኛ ጋ ሳቢያን አካባቢ የያዝነው ግቢ ላይ ከነሐሴ ጀምሮ ችግኝ የሚጠብቅ ሰው እንፈልጋለን። አድራሻዎን ለመጽሄቱ ይተዉልኝ፣ መጥቼ አነጋግርዎታለሁ።